የኢንክስኬፕን ኮድ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቢልድ ማድረግ፦ ከባዶ እስከ መጀመሪያዋ ለውጥ

ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ላይ መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ኮዱን አወረድኩት፤ ከዚያስ?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ኮድ መጻፍ ይችላሉ። የሚያስቸግራቸው የወረደውን ኮድ ወደሚከፈትና ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩ ነው፤ ቢልድ ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ መልሱን ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ምሳሌ የማደርገው ኢንክስኬፕን ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ የቬክተር ሥዕል መሥሪያ ሲሆን ኮዱ ጊትላብ በሚባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ለቢልድ ሲሜክ የሚባለውን መሣሪያ ይጠቀማል። ክሪታ፣ ኪካድና ፍሪካድ የሚባሉት ፕሮግራሞችም በሲሜክ ነው የሚሠሩት፤ ይህን መንገድ ከለመዳችሁ እነሱ ብዙ አይከብዷችሁም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ያልተነካውን ኮድ ቢልድ አድርጉ። አንዲት መስመር እንኳ ሳትቀይሩ። ያልተነካው ኮድ ከሠራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስህተት ከእናንተ ለውጥ እንደመጣ ታውቃላችሁ። አስቀድማችሁ ከነካካችሁት ግን ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ይሁን የእናንተ መለየት አይቻልም።

ስለ አጻጻፉም ላስታውስ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ሰረዝ፣ ነጥብ፣ እኩል ይሆናልና ሌሎች ምልክቶች ግን እዚህ እንዳሉ ይቀመጣሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 64 ቢት ኮምፒውተር። 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ 16 ከሆነ በጣም ይመቻል። በ4 ጊጋባይትም ይሞከራል፤ ግን 7ኛውን ደረጃ በጥንቃቄ አንብቡ።
- ወደ 20 ጊጋባይት ነፃ ቦታ። ኮዱ ራሱ ይህን ያህል አይወስድም። ቦታ የሚበላው በቢልድ ጊዜ የሚፈጠረው ፋይል ነው።
- በቅርብ የወጣ ሊኑክስ፦ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን ወይም ፌዶራ። እኔ የምጽፈው በኡቡንቱና በዴቢያን ትዕዛዞች ነው።
- ኢንተርኔት፣ በተለይ ለ4ኛውና ለ5ኛው ደረጃ።
- የጊትላብ አካውንት። ይህ የሚያስፈልገው ለውጣችሁን መላክ ስትፈልጉ ነው፤ ለቢልድ ብቻ ከሆነ ይቅር።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ኤምሲስ2 የሚባለውን ጫኑና ዩሲአርቲ64 የሚለውን ተርሚናል ክፈቱ። ኤምሲስ2 ብዙ ዓይነት ተርሚናል ይዞ ይመጣል። የተሳሳተውን ከከፈታችሁ የጫናችሁት ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ) ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ላይብረሪዎቹን የሚጭን ስክሪፕት ኮዱ ውስጥ፣ ቢልድቱልስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አለ። ከ6ኛው ደረጃ ጀምሮ ያለው ነገር ከሊኑክሱ ጋር በአብዛኛው ይመሳሰላል።

1. ቦታውን አዘጋጁ

ኮዱ የሚቀመጥበት ፎልደር ስሙ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። የእሱ ስም ብቻ ሳይሆን ወደ እሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ፎልደሮች ስምም እንዲሁ። ብዙ የቢልድ ስክሪፕቶች በስም መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የስሙ መጨረሻ አድርገው ያነቡታል። በአማርኛ የተሰየመ ፎልደርም አንዳንዱን መሣሪያ ያደናግረዋል። ስህተቱ የሚወጣው ደግሞ እዚያው ሳይሆን ሰዓት ከፈጀ ሥራ በኋላ ነው።

ተርሚናል ላይ ስትሆኑ ኪቦርዳችሁ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱንም እዩ።

2. መሠረታዊ መሣሪያዎቹን ጫኑ

ሱዶ ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ መብት ያስኬዳል፤ አፕት የፕሮግራም ጥቅሎችን ይጭናል። ሱዶ አፕት አፕዴት ካላችሁ በኋላ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊት ቢልድ-ኢሴንሻል ሲሜክ ኒንጃ-ቢልድ ሲካሽ

ጊት ኮዱን ያወርዳል፣ ለውጡንም ይመዘግባል። ቢልድ-ኢሴንሻል ኮምፓይለሩን ይዞ ይመጣል። ሲሜክ ኮምፒውተራችሁ ላይ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ አይቶ የሥራ ዕቅድ ያወጣል። ኒንጃ ያንን ዕቅድ ይፈጽማል። ሲካሽ አንዴ ኮምፓይል የሆነውን ያስታውሳል፤ ያልተቀየረ ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከማስታወሻው ያቀብላል። ሲካሽን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት፤ የቢልድ ፎልደሩን አጥፍታችሁ እንደገና በጀመራችሁ ቁጥር ትልቅ ጊዜ ያተርፍላችኋል።

ኒንጃ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጥቅሉ ስም ኒንጃ-ቢልድ ነው፤ ከተጫነ በኋላ የምትጽፉት ትዕዛዝ ግን ኒንጃ ብቻ።

3. ለጊት ማንነታችሁን ንገሩት

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ዩዘር.ኔም ብላችሁ ስማችሁን በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ አስከትሉ። ቀጥሎ በዩዘር.ኢሜይል ኢሜይላችሁን። እያንዳንዱ ኮሚት (ጊት ላይ የተመዘገበ ለውጥ) ይህን መረጃ ይዞ ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ የምታስገቡት ኢሜይል ለውጡን ስትልኩ ለሁሉም ይታያል። ከተላከ በኋላ ማጥፋት ደግሞ በጣም አስቸጋሪ ነው። ጊትላብ የግል ኢሜይላችሁን የሚደብቅ ምትክ አድራሻ በአካውንታችሁ ማስተካከያ ገጽ ላይ ይሰጣችኋል። እሱን ተጠቀሙ።

4. ኮዱን ክሎን አድርጉ

የኢንክስኬፕ የጊትላብ ገጽ ላይ ክሎን የማድረጊያ፣ ማለትም ኮዱን ከነታሪኩ ወደ ኮምፒውተራችሁ የመቅጃ፣ አድራሻ አለ። ኤችቲቲፒኤስ የሚለውን ኮፒ አድርጉና፦

ጊት ክሎን --ሪከርስ-ሰብሞጁልስ

ብላችሁ አድራሻውን አስከትሉ። ያቺን ረጅም ቃል አትርሷት። ኢንክስኬፕ አንዳንድ ክፍሎቹን፣ ለምሳሌ በፓይተን የተጻፉትን ኤክስቴንሽኖች፣ በሌላ ማከማቻ ነው የሚያስቀምጠው። እነዚህ ሰብሞጁል ይባላሉ፤ ዋናው ኮድ ወደ እነሱ ብቻ ይጠቁማል። ቃሏ ከሌለች ፎልደሮቹ ይመጣሉ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ረስታችሁ ክሎን ካደረጋችሁ ማጥፋት አያስፈልግም። ኮዱ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ጊት ሰብሞጁል አፕዴት --ኢኒት --ሪከርሲቭ በሉ።

በዚሁ ምክንያት በዚፕ አታውርዱት። ዚፑ ሰብሞጁሎቹን አይጨምርም፤ የጊት ታሪክም የለውም። ለውጣችሁን የምትልኩበት መንገድ አይኖርም።

ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ እዚህ ላይ ነው የምትንገላቱት። ጊት ክሎን መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። መፍትሔው የዓመታቱን ታሪክ ሁሉ ትቶ የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ማውረድ ነው። ክሎን የሚለው ትዕዛዝ ላይ --ዴፕዝ 1 እና --ሻሎው-ሰብሞጁልስ ጨምሩ። የሚወርደው በጣም ይቀንሳል። ለቢልድ ይህ ሙሉ በሙሉ በቂ ነው። ታሪኩ በኋላ ካስፈለጋችሁ፣ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን፣ ጊት ፌች --አንሻሎው ይበቃል። ይህን መንገድ ስትመርጡ አንድ ብራንች (የኮዱ አንድ የሥራ መስመር) ብቻ እንደሚመጣም እወቁ። ሌሎቹን ለማየት ጊት ሪሞት ሴት-ብራንችስ ኦሪጅን '*' ብላችሁ እንደገና ፌች አድርጉ።

ፎርክ ማድረጉን (ጊትላብ ላይ የራሳችሁን የኮዱ ቅጂ መፍጠሩን) ለኋላ አቆዩት። መጀመሪያ ዋናውን ክሎን አድርጉ። ለውጥ ሲኖራችሁ የራሳችሁን ፎርክ በጊት ሪሞት አድ ትጨምራላችሁ። እንዲህ ሲሆን ከዋናው ኮድ አዲስ ነገር መውሰድ ሁልጊዜ ቀላል ነው።

5. ላይብረሪዎቹን ጫኑ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ የትኛውን ብራንች እንደምትሠሩ ወስኑ። ማስተር የሚባለው ዋናው ብራንች ወደ ጂቲኬ 4 ተሸጋግሯል፤ ጂቲኬ የፕሮግራሙን መስኮቶችና ቁልፎች የሚሠራው ላይብረሪ ነው። 1.4.ኤክስ የሚባለው ብራንች ደግሞ በጂቲኬ 3 ነው። አዲስ ለውጥ የሚላከው ወደ ማስተር ነው። ነገር ግን ሊኑክሳችሁ ቆየት ያለ ከሆነ ማስተር የሚፈልጋቸው አዳዲስ ላይብረሪዎች በማከማቻው ውስጥ የሉም። እነሱን አንድ በአንድ ከሶርስ ቢልድ ማድረግ ውስጥ አትግቡ። ወይ ሊኑክሱን አሻሽሉ፣ ወይ ለመለማመድ 1.4.ኤክስን ያዙ። ብራንች ለመቀየር ጊት ስዊች ብላችሁ ስሙን፣ ከዚያ ጊት ሰብሞጁል አፕዴት --ኢኒት --ሪከርሲቭ። ሁለተኛው ትዕዛዝ ግዴታ ነው፤ ብራንች ስትቀይሩ ሰብሞጁሎቹ በራሳቸው አይቀየሩም።

ለማስተር፣ ኮዱ ውስጥ ያለውን ኢንስቶል የሚባል መመሪያ ፋይል ክፈቱ። ላይብረሪዎቹን ሁሉ የሚጭን ስክሪፕት የት እንዳለ ይነግራችኋል። ስክሪፕቱን ከማስኬዳችሁ በፊት በኤዲተር ከፍታችሁ አንብቡት። በሱዶ የሚሠራን ነገር ሳያዩ ማስኬድ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ ማንም ይጻፈው።

ለ1.4.ኤክስ ደግሞ አቋራጭ አለ፦

ሱዶ አፕት ቢልድ-ዴፕ ኢንክስኬፕ

ይህ ትዕዛዝ ሊኑክሳችሁ የራሱን ኢንክስኬፕ ሲሠራ የተጠቀመባቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ይጭናል። ዴብ-ኤስአርሲ አልተገኘም ብሎ እምቢ ካለ የሶርስ ማከማቻው ስላልተከፈተ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ፣ ኢቲሲ ውስጥ፣ አፕት ውስጥ፣ ሶርስስ.ሊስት.ዲ ውስጥ ኡቡንቱ.ሶርስስ የሚባል ፋይል አለ። ታይፕስ በሚለው መስመር ላይ ዴብ ከሚለው ቀጥሎ ዴብ-ኤስአርሲ ጨምሩ፤ አፕዴት አድርጉና ድገሙት። ፌዶራ ላይ አቻው ሱዶ ዲኤንኤፍ ቢልድዴፕ ኢንክስኬፕ ነው።

አሁን በጣም የሚደጋገመው ግራ መጋባት። «ላይብረሪው ተጭኗል፤ ሲሜክ ግን የለም ይለኛል» የሚል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ላይብረሪ በሁለት ጥቅል ተከፍሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ፕሮግራም ለማስኬድ ነው። ሌላው ፕሮግራም ለመሥራት ነው፤ ሄደር ፋይሎቹን (ላይብረሪው ውስጥ ምን እንዳለ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩትን) የያዘው እሱ ነው። የሁለተኛው ስም ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በ-ዴቭ፣ ፌዶራ ላይ በ-ዴቨል ያልቃል። ስለዚህ አንድ ላይብረሪ ጠፋ በተባላችሁ ቁጥር የምትፈልጉት ይህን ስም ነው። አፕት ሰርች ብላችሁ የላይብረሪውን ስም ጻፉና በ-ዴቭ የሚያልቀውን ጫኑ።

6. የቢልድ ፎልደር ፍጠሩና ሲሜክን አስኪዱ

ኮዱ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ፦

ኤምኬዲር ቢልድ
ሲዲ ቢልድ
ሲሜክ .. -ጂ ኒንጃ -ዲሲሜክ_ቢልድ_ታይፕ=ዲበግ -ዲሲሜክ_ኢንስቶል_ፕሪፊክስ=$ፒደብሊውዲ/ኢንስቶል_ዲር -ዲሲሜክ_ሲ_ኮምፓይለር_ላውንቸር=ሲካሽ -ዲሲሜክ_ሲኤክስኤክስ_ኮምፓይለር_ላውንቸር=ሲካሽ -ዲሲሜክ_ኤክስፖርት_ኮምፓይል_ኮማንድስ=ኦን

ከትዕዛዙ ስም ቀጥሎ ያሉት ሁለት ነጥቦች ኮዱ አንድ ፎልደር ወደ ላይ እንዳለ ይናገራሉ። ከ-ዲ እስከ እኩል ይሆናል ያለው ሁሉ በትልልቅ ፊደል ነው። ፒደብሊውዲ የሚለውና መጨረሻ ላይ ያለው ኦንም እንዲሁ። ከ-ዲ ቀጥሎ ክፍት ቦታ የለም።

የተለየ ፎልደር የሚያስፈልገው ኮዱና ከኮዱ የሚወጣው ነገር እንዳይደባለቁ ነው። ነገር ሲበላሽ የቢልድ ፎልደሩን ብቻ ታጠፋላችሁ፤ ኮዳችሁ አይነካም። ኢንክስኬፕ ደግሞ ኮዱ ፎልደር ውስጥ ሲሜክን ብታስኬዱ ራሱ ይከለክላችኋል።

ዲበግ የሚለው ፕሮግራሙ ሲወድቅ የትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ ለማየት ነው። ኢንስቶል ፕሪፊክስ በጣም ወሳኝ ነው። እሱን ካልሰጣችሁት ፕሮግራሙ ወደ ሲስተሙ ፎልደር ለመግባት ይሞክራል፤ በሱዶ ካስገባችሁት ደግሞ በደህና ጊዜ ከምትሠሩበት ኢንክስኬፕ ጋር ይጋጫል። በትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ያለው አማራጭ ኤዲተራችሁ ኮዱን እንዲረዳ ነው፤ 9ኛው ደረጃ ላይ እንመለስበታለን።

ሲሜክ የጎደለ ነገር ካለ ይቆማል። -ዴቭ ጥቅሉን ጭናችሁ ድገሙት። ጭናችሁም ያው ስህተት ከመጣ ሲሜክ የድሮውን መልስ ሲሜክካሽ በሚባል ፋይል ይዞ ስለሆነ ነው። የቢልድ ፎልደሩን አጥፍታችሁ ከዚህ ደረጃ ጀምሩ።

7. ቢልድ አድርጉ

ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ኒንጃ ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ስንት ፋይል እንደተሠራና ከስንት እንደሆነ በቅንፍ እየቆጠረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጊዜ ረጅም ነው። ታገሡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ኒንጃ ዝም ብላችሁ ካስኬዳችሁት ከፕሮሰሰራችሁ ኮሮች ቁጥር በሁለት የሚበልጥ ሥራ በአንዴ ይጀምራል። 8 ኮር ካለ 10 ፋይል አብሮ ኮምፓይል ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል አንዱ ብቻውን ብዙ መቶ ሜጋባይት ራም ሊወስድ ይችላል። ራም ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ወይም ኮምፓይለሩ ይገደልና ኪልድ የሚል ቃል ያለበት ስህተት ይወጣል። ይህ የኮድ ስህተት አይደለም። ኒንጃ -ጄ2 ብላችሁ ቀጥሉ፤ የተሠራው አይጠፋም፣ ከቆመበት ይነሣል።

ሱዶ እዚህ ቦታ የለውም። አንድ ጊዜ በሱዶ ቢልድ ካደረጋችሁ ፋይሎቹ የሩት (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሱዶ ስትሠሩ ፈቃድ የለህም እያለ ያስቸግራችኋል።

8. ጫኑትና ክፈቱት

ኒንጃ ኢንስቶል በሉ። የሚጫነው 6ኛው ደረጃ ላይ በሰጣችሁት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አይኮኖቹንና ኤክስቴንሽኖቹን የሚያገኘው ከተጫነ በኋላ ስለሆነ ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

ከዚያ፦

ኢንክስኬፕ_ፕሮፋይል_ዲር=$ፒደብሊውዲ/ፕሮፋይል ./ኢንስቶል_ዲር/ቢን/ኢንክስኬፕ

ከመጀመሪያው እኩል ይሆናል በፊት ያለው በትልልቅ ፊደል ነው። ለሙከራው ኢንክስኬፕ የራሱን የማስተካከያ ፎልደር ይሰጠዋል። ይህ ከሌለ የሙከራው ስሪት የዋናውን ማስተካከያ ያነብባል፣ ይጽፍበታልም።

ከመክፈታችሁ በፊት ሌላ የተከፈተ ኢንክስኬፕ ካለ ዝጉት። አለዚያ አዲሱ ትዕዛዝ በድሮው ፕሮግራም ላይ አዲስ መስኮት ከፍቶ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ «ለውጤ አልታየም» ብላችሁ በከንቱ ትደክማላችሁ። እርግጠኛ ለመሆን ያንኑ ትዕዛዝ --ቨርዥን ጨምራችሁ አስኪዱት፤ የኮሚቱን መለያ ያሳያችኋል።

9. ኤዲተሩን አገናኙ

ቪኤስ ኮድ ይሁን ኪውቲ ክሪኤተር የለመዳችሁት ይሁን። ሲሜክ ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ኮምፓይል_ኮማንድስ የሚባል የጄሰን ፋይል ትቶላችኋል። ክላንግዲ የሚባለውን መሣሪያ ጭናችሁ ይህን ፋይል ካሳያችሁት አንድ ፈንክሽን የት እንደተጻፈና የት እንደተጠራ ወዲያው ትደርሱበታላችሁ። እንዲህ ባለ ትልቅ ኮድ ውስጥ ያለዚህ መሄድ ያደክማል። ኤዲተሩን በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ በሚጭነው መንገድ) ከጫናችሁት ግን የሲስተሙን ሄደሮች ላያይ ይችላል፤ ደህናውን ኮድ ሁሉ በቀይ ያሰምርበታል። ያኔ በአፕት ወይም ከአምራቹ በሚወርደው ጥቅል ጫኑት።

10. አንዲት ትንሽ ለውጥ ሞክሩ

ጊት ስዊች -ሲ ብላችሁ የብራንች ስም ስጡ። ማስተርን በቀጥታ አትንኩት፤ ንጹሕ ሆኖ ሲቆይ አዲስ ነገር ማውረድ አያጋጭም።

ኤስአርሲ ፎልደር ውስጥ ኢንክስኬፕ-አፕሊኬሽን የሚባለውን የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ክፈቱ። ቨርዥን የሚለውን አማራጭ የሚያስረዳውን አጭር ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አንድ ቃል ጨምሩበት። ኒንጃ ኢንስቶል በሉና ፕሮግራሙን በ--ሄልፕ አስኪዱት። የጨመራችሁት ቃል ከታየ ሁሉም ነገር ተገናኝቷል። ይህችን ምሳሌ የመረጥኩት የሚነካው ፋይል አንድ ብቻ ስለሆነና ውጤቱም መስኮት ሳይከፈት ስለሚታይ ነው። ለውጡን ለመመለስ ጊት ሪስቶር ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡ።

እውነተኛ ለውጥ ስትሠሩ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ኒንጃ ቼክ በሉ። ፈተናዎቹን ቢልድ አድርጎ ያስኬዳቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ኮማንድ ኖት ፋውንድ፦ መሣሪያው አልተጫነም፤ ወይም ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው።
- ከጊት ፑል በኋላ ትናንት የሠራው ቢልድ እምቢ ማለቱ፦ ሰብሞጁሎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ጊት ሰብሞጁል አፕዴት --ኢኒት --ሪከርሲቭ በሉ። ካልሆነ የቢልድ ፎልደሩን አጥፉ።
- ኤክስቴንሽን የሚለው ሜኑ ባዶ መሆኑ፦ ኒንጃ ብቻ ብላችሁ ኢንስቶል አላላችሁም፤ ወይም ሰብሞጁሎቹ አልወረዱም።
- ፕሮግራሙ ተከፍቶ ወዲያው መዘጋቱ፦ ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ አስኪዱት። ጂዲቢ --አርግስ ብላችሁ የፕሮግራሙን ቦታ ስጡት፤ ውስጥ ገብታችሁ ረን፣ ሲወድቅ ደግሞ ቢቲ በሉ። የወደቀበትን መስመርና ወደዚያ ያደረሰውን የፈንክሽኖች ሰንሰለት ያሳያችኋል።
- መቶ መስመር ስህተት በአንዴ መምጣቱ፦ ዓይን የሚያርፈው በመጨረሻው ላይ ነው። እናንተ ግን ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ኤረር ፈልጉ። ከሥሩ ያሉት አብዛኞቹ እሱ የወለዳቸው ናቸው። ብዙ ሥራ አብሮ ሲሄድ ውጤቱ ስለሚደባለቅ ኒንጃ -ጄ1 ብላችሁ አንድ በአንድ አስኪዱት፤ የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሄደና ሰው መጠየቅ ካለባችሁ አራት ነገር ይዛችሁ ጠይቁ፦ የሊኑክሳችሁን ስምና ቁጥር፣ የብራንቹን ስም ከኮሚቱ መለያ ጋር፣ የጻፋችሁትን ትዕዛዝ እንዳለ፣ እና የመጀመሪያውን ኤረር ከነ አካባቢው። ስክሪኑን በስልክ አታንሡት። ጽሑፉን ኮፒ አድርጉት፤ የሚረዳችሁ ሰው ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት የሚችለው ከጽሑፍ ነው።